በሁለት ቤት ወለል ሥር

ሕድሪ ለፋሲካ የምታደርጋቸውን ጥቁር ጫማዎች ከቁምሳጥኑ ስታወጣ አረንጓዴ ጸጉር አብቅለው አገኘቻቸው። ሌላ ሰው ቢሆን “ኤጭ!” ብሎ በጨርቅ ይወለውላቸው ነበር። እሷ ግን መነጽሯን አድርጋ፣ ወደ መስኮቱ ወስዳ፣ እያገላበጠች አየቻቸው። የቀኙ ጫማ ከግራው ይልቅ ሻግቷል። የቀኙ የተቀመጠው ከቁምሳጥኑ ጥግ ነበር። እጇን አስገብታ ጥጉን ዳሰሰችው፤ ይቀዘቅዛል። ጎንበስ ብላ የወለሉን ጣውላ ዳሰሰችው፤ እሱ ደግሞ የባሰ ይቀዘቅዛል።

“ከታች ነው እንዴ የሚመጣው?” አለች ለራሷ።

ለበዓሉ ነጠላ ጫማ አድርጋ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቅዳሴው ላይ ቆማ ሳለ ልቧ ወለሉ ሥር ነበር።

እንዲህ ነበረች ከልጅነቷ ጀምሮ። አስመራ ተወልዳ፣ አባቷ በሥራ ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ካዛንቺስ አደገች፤ አማርኛውንም እዚያው ከሰፈር ልጆች ጋር ስትራገጥ ነው የለመደችው። ቴሌ ውስጥ በስልክ አገናኝነት ስትቀጠር ጓደኞቿ ገመዱን ሰክተው ነቅለው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ፣ እሷ “የቦርዱን ጀርባ ክፈቱልኝና ልየው” እያለች ቴክኒሻኖቹን ታስቸግር ነበር። በኋላ ክፍለማርያምን አግብታ ናይሮቢ ገባች። ክፍለማርያም የመኪና መለዋወጫ ይነግድ ነበር፤ ማታ ደክሞት ጋደም ሲል “ሕድሪ፣ የዛሬውን ጥያቄ ለነገ አስተላልፊልኝ” ይላታል። እሱ ካረፈ ወዲህ ጥያቄዋን ለነገ አስተላልፊ የሚላት የለም። ልጇ ራህዋ ኪሱሙ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች፤ የምትመጣው አልፎ አልፎ ነው።

ቤቷ ፓርክላንድስ በሚባለው ሰፈር ካሉት አሮጌ የድንጋይ ቤቶች አንዱ ነው። ጣራው አንድ ሆኖ መሀሉን ግድግዳ ለሁለት ይከፍለዋል። ወለሉ ጣውላ ነው፤ ጣውላው መሬት ላይ አልተነጠፈም፣ በድንጋይ ምሰሶዎች ተደግፎ ከፍ ብሏል። ከአፈሩ እስከ ጣውላው ድረስ ያለው ክፍተት ሰው በሆዱ እየተሳበ ካልሆነ አያስገባም። ሕድሪ ይህን ሁሉ ዓመት ስትኖር በዚያ ባዶ ቦታ ላይ እንደምትራመድ ልብ ብላው አታውቅም ነበር።

በግድግዳው ወዲያ ማዶ አንዲት አዛውንት እናትና ሴት ልጃቸው ገብተው ይኖራሉ። የገቡ ዕለት ዕቃ ሲያወርዱ ሕድሪ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ሁለቱ በአማርኛ “ቀስ! ብርጭቆ አለው!” ሲባባሉ ሰምታለች። ሰምታም “ሀባሪ” ብላ በስዋሂሊ ሰላምታ ሰጥታ ገባች። ለምን እንደዚያ እንዳደረገች እሷም አጥርታ አታውቀውም። አማርኛ እሷና ክፍለማርያም ቤት ውስጥ የሚቀልዱበት ቋንቋ ነበር፤ ከሞተ በኋላ ካፏ ርቋል። ደግሞ የመጀመሪያው ቀን ያመለጠ ሰላምታ በማግስቱ ይከብዳል፣ ወር ሲሞላው ያሳፍራል። እሷም በዚያው “ሀባሪ”ዋ ቀጠለች።

የጫማውን ነገር ለራህዋ በስልክ ነገረቻት።

“ማሚ፣ ዲሂውሚዲፋየር ነው የሚያስፈልግሽ፣ ሲምፕል። ኦንላይን ኦርደር ላድርግልሽ፣ ሳዋ? እሺ?”

“ምንድን ነው እሱ?”

“አየር ውስጥ ያለውን እርጥበት የሚጠጣ ማሽን ነው።”

“ይጠጣና ወዴት ያደርገዋል?”

“ማሚ!”

“እውነቴን እኮ ነው። የጠጣ ነገር ሁሉ መውጫ ይፈልጋል።”

ራህዋ ሥራ ላይ ስለነበረች ስቃ ስልኩን ዘጋችው። ሕድሪ ግን ጥያቄው አልለቀቃትም። በማግስቱ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተሳፍራ መሃል ከተማ ወረደችና የቤት ዕቃ ማሽኖች ከሚሸጥበት አንድ ሱቅ ገባች። ሻጩ አብዱረህማን የሚባል ከጠረፍ የመጣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሁለት ማሽን አውጥቶ አሳያት።

“ይሄኛው እንደ ፍሪጅ ነው” አላት በስዋሂሊ። “ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጪው ላብ ያወጣ የለም? ማሽኑ ሆዱ ውስጥ ቀዝቃዛ ብረት አለው፤ አየሩ እዚያ ሲደርስ ያልበዋል፤ ላቡ ይንጠባጠባል። ይሄኛው ደግሞ አዲስ ጫማ ስትገዢ ካርቶኑ ውስጥ እንደምታገኚያት ትንሽ ከረጢት ነው። እርጥበቱን መጥጦ ይይዝና በሙቀት መልሶ ያስተፋዋል።”

ሕድሪ ሁለቱንም በእጇ ነካካች፣ አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተች፤ ከዚያ “ለወለል ሥር የትኛው ይሻላል?” አለችው።

አብዱረህማን ማሽኖቹን ትቶ እሷን ማየት ጀመረ። “ስፋቱ ምን ያህል ነው? ምን ያህል ይቀዘቅዛል? ውሃው የሚመጣው ከየት ነው? የማሽኑን ውሃስ ወዴት ታፈሺዋለሽ?”

አንዱንም አታውቅም። ዛሬ ከሸጠላት ነገ ይዛው እንደምትመለስ አብዱረህማን ገብቶታል፤ “እማማ፣ መጀመሪያ ሄደሽ እዪው” አላትና መዳፍ የማትሞላ የእርጥበትና የሙቀት መለኪያ ብቻ ሸጦ ሸኛት። ሕድሪ በመንገድ ላይ መለኪያዋን ማታቱ ውስጥ፣ ጥላ ሥር፣ ፀሐይ ላይ እያወጣች ቁጥሩ ሲለዋወጥ እያየች ቤቷ ደረሰች።

ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩን ፉንዲ፣ ሙቱኩን ጠራችው። ጣራም፣ ቧንቧም፣ በርም የሚጠግን እጀ ብዙ ሰው ነው። ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ዝቅተኛ የጣውላ መዝጊያ ነቅሎ ለመግባት ሲያጎነብስ ትከሻውን ያዘችው።

“አንተ ከገባህ የማውቀው አንተ የነገርከኝን ብቻ ነው። እኔ ልግባ።”

“እማማ፣ እባብ ቢኖርስ?”

“እሱን ደግሞ እናየዋለን።”

የክፍለማርያምን የሥራ ቱታ ለብሳ፣ ጸጉሯን በሻሽ ጠፍንጋ፣ ባትሪዋን ይዛ በሆዷ ገባች። ሽታው የታጠበ ጆንያ ሳይደርቅ ሲታጠፍ ያለውን ይመስላል። አፈሩ ቀይ ነው፤ ስትነካው እንደ ሊጥ ይይዛል። ባትሪዋን ወደ ላይ ስታበራ የጣውላው ሆድ አልቦታል፤ ጠብታዎቹ ተደርድረው ተንጠልጥለዋል። መለኪያዋን አፈር ላይ አስቀምጣ ጠበቀችው። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣና ዘጠናን አልፎ ቆመ። “ወይ ጉድ” አለች፤ ድምጿ ውስጥ ከፍርሃት ይልቅ ደስታ ነበር። ይህን ያህል ነገር እግሯ ሥር ሲካሄድ ኖሮ አለማወቋ ገረማት።

እየተሳበች ወደ ፊት ሄደች። መሀል ላይ ግድግዳ ይገጥመኛል ብላ ስትጠብቅ ምንም አልገጠማትም። ግድግዳው የሚያርፍበት ድንጋይ ሰፊ ሰፊ ክፍተት ነበረው፤ አየሩም አፈሩም ከወዲህ ወዲያ አንድ ነው። ከላይ ሁለት ቤት፣ ከታች አንድ። ይህን እያሰላሰለች ሳለ ከጭንቅላቷ በላይ ሳል ሰማች፤ የአዛውንት ሰው፣ ጥልቅ ሳል። ከዚያ ንግግር።

“እማ፣ አልጋሽን ወደ ሳሎን እናውጣው አልኩሽ። ይሄ ክፍል ነው የሚያስልሽ።”

“ሳሎን ተኝቼ እንግዳ ቢመጣስ?”

“ማን ይመጣል? እዚህ ማን ያውቀናል?”

“ያቺ ጎረቤታችን አለች አይደል። መልኳ ያገር ሰው ነው። ሁልጊዜ ሀባሪ ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ መልሱ ጠፍቶኝ እሺ፣ እሺ እላታለሁ።”

“ኤርትራዊት ናት አሉ። አማርኛ ብትችል እስከ ዛሬ ዝም ትላለች?”

ሕድሪ “እሺ፣ እሺ” ሲባል የሴትየዋ ፊት ትዝ አላት፤ ሳቋ አመለጣት። ሳቋን ለመዋጥ ቀና ስትል ጭንቅላቷ ከወለሉ አግዳሚ እንጨት ጋር ተላተመ።

“ወይኔ ራሴን!”

ከላይ አልጋው ሲንቋቋ ሰማች።

“አዑዙ ቢላህ!” አሉ እናትየዋ። “ሂዳያ፣ ሰማሽ? ከመሬት ውስጥ እኮ ነው!”

“እንዳትደነግጡ!” ብላ ጮኸች ሕድሪ። “ሕድሪ ነኝ፣ ጎረቤታችሁ! እርጥበቱን ላይ ብዬ ነው የገባሁት!”

ከላይ እርምጃ ተጠጋ።

“በአማርኛ?” አሉ እናትየዋ ወደ ወለሉ ጎንበስ ብለው።

“በአማርኛ” አለች ሕድሪ ከታች።

ከዚያ በኋላ መሸሽ አልተቻለም። ሂዳያ በጓሮ በኩል ሮጣ መጥታ፣ ከሙቱኩ ጋር እጇን ይዘው ከወለሉ ሥር ጎትተው አወጧት፤ ቀጥታ ወደ ቤታቸው አስገባቻት። ሕድሪ ጭቃዬ ቤታችሁን ያበላሻል ብትል የሰማት የለም። እናትየዋ፣ እማማ ሙርሺዳ፣ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ሂዳያ እዚህ ናይሮቢ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት በሂሳብ ሠራተኝነት ስትቀጠር ብቻቸውን እንዳይቀሩ ይዛቸው መጣች። አዛውንቷ በእርጥብ ፎጣ የሕድሪን ግንባር እየጠረጉ አተኩረው አዩዋት።

“እርስዎ ግን ምን ያለ ሰው ነዎት? ስንት ጊዜ በፊቴ አልፈው!”

“አፍሬ ነው እማማ። መጀመሪያ ዝም አልኩ፤ በኋላ ከየት ልጀምረው?”

“ከወለል ሥር ጀመርሽዋ!” አሉና እማማ ሙርሺዳ “እርስዎ” ማለቱን በዚያው ተዉት። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። ሕድሪ ያን ሳል ስትሰማ ቀና ብላ ክፍሉን አየችው። በአልጋው ራስጌ በኩል ግድግዳው ከሥሩ ተነስቶ እስከ ጉልበት ድረስ ጠቁሯል፤ የወለሉ ጣውላ አንድ ቦታ ላይ እንደ ሆድ ተነፍቷል።

“ይሄ ከኔ ቤት ይብሳል” አለች ቀስ ብላ። “ለምን?”

በልቧ አንድ ግምት ነበራት፤ የነሱ መታጠቢያ ቤት ያፈስ ይሆናል። ግምቷን ግን አልተናገረችም፤ ሳታይ አትናገርም። ከሙቱኩ ጋር ሆነው የላስቲክ ቁራጮች ቆርጠው በሁለቱም ቤት ሥር እዚህም እዚያም አፈሩ ላይ ዘረጉ፤ ጠርዝ ጠርዙንም በድንጋይ ተጫኑት። ይህን ዘዴ ስልኳ ላይ አንድ ሰው ሲያሳይ አይታው ነው። ውሃ ላስቲኩ ላይ ካረፈ ከአየሩ ነው፤ ከላስቲኩ ሥር ከተያዘ ከመሬቱ ነው። ከቀናት በኋላ ገብታ ስታይ ሁሉም ከሥሩ አልቦታል። መሬቱ ራሱ ይተነፍሳል ማለት ነው። ከእማማ ሙርሺዳ ክፍል ሥር ያለው ግን ላብ ብቻ አልነበረም፤ ሥሩ ውሃ ቋጥሯል። ባትሪዋን እያበራች ከዚያ ቦታ ወደ ላይ፣ ቧንቧውን እየተከተለች ሄደች። ቧንቧው ወደ ሂዳያ መታጠቢያ ቤት አልወሰዳትም። ወደ ኋላ፣ ወደ ራሷ ወጥ ቤት፣ ወደ ራሷ ዕቃ ማጠቢያ ወሰዳት። መገጣጠሚያው ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ መሬቱ ደግሞ ወደ ጎረቤት ያዘነብላል።

ሕድሪ መገጣጠሚያውን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ወጥታ፣ እጇን እንኳን ሳትታጠብ፣ በሩን አንኳኳች።

“እማማ ሙርሺዳ፣ ክፍልዎን ያበላሸው የኔ ውሃ ነው። ዕቃ ባጠብኩ ቁጥር ወደ እርስዎ ሲፈስ ከርሟል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

አዛውንቷ ጭቃ የያዘ እጇን አዩት። “ታዲያ ምን አለበት” አሉ። “አንቺ ለመምጣት ስትዘገዪ ውሃሽ ቀድሞሽ መጣ። ግቢ።”

ሙቱኩ መገጣጠሚያውን ቀየረ። የጣራው አሸንዳ ውሃውን ከግድግዳው ሥር እያፈሰሰ ስለነበር እሱንም አዙሮ ወደ ግቢው ቁልቁለት መራው። በአፈሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ወፍራም ላስቲክ አነጠፉ። ሙቱኩ “እንግዲህ ይበቃል፣ ይደርቃል” አለ፤ ግማሹን ያህል እውነቱን ነበር። ጭቃው ጠፋ፤ ነገር ግን የናይሮቢ ብርድ ሲገባ፣ ሰማዩ ለሳምንታት ሳይከፈት ሲቀር፣ መለኪያዋ ከሰማንያ አልወርድ አለች። ሕድሪ ጠዋት ጠዋት በመዝጊያዋ በኩል እጇን አስገብታ ታነባታለች። ንጋት ላይ ሙቀቱ አሥራ ስድስት፣ አንዳንዴም አሥራ አምስት ዲግሪ ነው። አብዱረህማን ለጠየቃት ጥያቄ አሁን መልስ አላት።

ከሂዳያ ጋር ሆነው ሱቁ ሄዱ። ሂዳያ ገና ከበሩ አንድ ማሽን ዓይኗ ገባ፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ ፊቱ ላይ ሰማያዊ መብራት ያለው።

“እትዬ ሕድሪ፣ ይሄ እንዴት ያምራል!”

“ማን ሊያየው ነው ወለል ሥር?” አለች ሕድሪ። አብዱረህማን ሳቀና ወደ ሥራቸው ገቡ።

ሙቀቱን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። እንደ ፍሪጅ የሚሠራው በብርድ ጊዜ ብረቱ ላይ በረዶ ይይዛል፤ በረዶውን ራሱ እያቀለጠ የሚቀጥል ካልሆነ ማሽኑ ይደክማል እንጂ አይጠጣም። እንደ ጫማ ከረጢቱ የሚመጥጠው ብርድ አይገደውም፤ ግን ስቲማ፣ ኤሌክትሪኩን ማለቱ ነው፣ ይበላል፣ ቀንና ሌሊት ሲሠራ ደግሞ እርጥበቱን መልሶ ለማስተፋት ይግላል። ሕድሪ ይህን ደጋግማ አስነገረችው። ባልዲ ያለውን ገና ስታየው አስወገደችው፤ ባልዲው በሞላ ቁጥር በሆዱ ተስቦ የሚያፈሰው ማን ነው? በጎማ የሚያፈስ ይሁን አለች፤ ግቢያቸው ቁልቁለት ስለሆነ ውሃው ራሱ ይወርዳል። በመጨረሻ አብዱረህማን ከመጋዘኑ አጭርና ረዘም ያለ፣ ሻንጣ የሚመስል ማሽን አስወጣ፤ ለእንዲህ ያለ ዝቅተኛ ቦታ ተብሎ የተሠራ፣ በረዶውን የሚያቀልጥ፣ ጎማ የሚቀበል።

“ትልቁን ብንወስድስ?” አለች ሂዳያ።

“የሁለታችሁን ቤት ስፋት ነግራችሁኛል፣ ለሱ ይሄ ይበቃል። ከዚህ ያነሰ ዕረፍት አያገኝም፤ ከዚህ የበለጠ ግን ለምን?”

ሕድሪ ገና አልጨረሰችም። “መብራት ሄዶ ሲመለስ ራሱ ይነሳል?”

“ይነሳል ይላል መጽሐፉ።”

“እንየዋ።”

አብዱረህማን ሁለቱን፣ ቆንጆውንም ሻንጣ መሳዩንም፣ ሰካቸው። ሕድሪ ገመዳቸውን ከግድግዳው ነቀለች፣ ጥቂት ጠብቃ መልሳ ሰካች። ሌሎች ገበያተኞች ምን እየሆነ ነው ብለው ከበቡ። ቆንጆው ሰማያዊ መብራቱን ብልጭ፣ ብልጭ አደረገና አንድ ሰው እንዲጫነው ቆሞ ጠበቀ። ሻንጣው ዝም አለ። ሂዳያ “እሱም ሞተ” አለች። ሕድሪ ጣቷን አንስታ “ቆይ” አለቻት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማሽኑ ከሆዱ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠና መንፋት ጀመረ። ከገበያተኞቹ አንዱ አጨበጨበ። ሕድሪ ግን ተንበርክካ ጆሮዋን ክዳኑ ላይ ለጥፋ ነበር።

“ምን እየሰሙ ነው?” አለች ሂዳያ።

“ከእናትሽ አልጋ ሥር ነው የሚውለው። ያስተኛ እንደሆን ልወቅ።”

ማሽኑን ሙቱኩ በሁለቱ ቤት መሀል፣ ጡብ ላይ፣ ጡቡንም ጎማ ምንጣፍ ላይ አድርጎ አስቀመጠው። ጎማውን በመዝጊያዋ በኩል አውጥቶ ወደ አቮካዶው ዛፍ ዘረጋው። ሦስቱ ሴቶች ወንበር አውጥተው የጎማውን አፍ እያዩ ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ ምንም አልመጣም። ከዚያ አንዲት ጠብታ አፉ ላይ ተንጠለጠለች፣ ወፈረች፣ ወደቀች። ተከታይዋ ቶሎ መጣች። እማማ ሙርሺዳ መዳፋቸውን ዘርግተው ተቀበሏት።

“ይሄ ሁሉ ከአየር?”

“ከአየር።”

“ስንተነፍሰው የነበረው?”

“እሱ ራሱ” አለች ሕድሪ፤ አዛውንቷ ይህን በመጠየቃቸው ልቧ ሞቀ። ጥያቄ የሚወድ ሰው ካገኘች ቆይታለች።

ነገሩ ግን ወዲያው አልተስተካከለም። ሂዳያ ቶሎ ይድረቅ ብላ ማሽኑን እጅግ ዝቅተኛው የእርጥበት ቁጥር ላይ አድርጋው ኖሮ፣ ከሳምንታት በኋላ የሕድሪ ወለል መንጫጫት ጀመረ፤ በጣውላዎቹ መሀል ሳንቲም የሚያሾልክ ስንጥቅ ታየ። ሕድሪ አንድ ቀን ሙሉ በክፍሎቿ እየተዘዋወረች የቱ ጣውላ እንደሚጮህ ስታዳምጥ ዋለች። እንጨትም ከልክ በላይ ሲጠማው ይሰነጠቃል። ቁጥሩን ከፍ አድርገው ሃምሳ አምስት ላይ ሲያቆሙት ጩኸቱ ቀስ በቀስ ተወ። የእማማ ሙርሺዳ ግድግዳ ደርቆ፣ ሙቱኩ ጥቁሩን ፍቆ እንደገና ቀባው። ሳላቸው ጨርሶ አልለቀቃቸውም፤ ሐኪማቸው የሰጣቸውንም መድኃኒት እየወሰዱ ነው። ቢሆንም አሁን ሌሊቱን ይተኛሉ፤ አልጋቸውም ከክፍላቸው አልወጣም። ከሰዓት በኋላ ሕድሪ ትመጣለች፤ ስዋሂሊ ታስተምራቸዋለች። “ሀባሪ” ሲባሉ “ንዙሪ” ማለት ለምደዋል፤ ለአትክልት ሻጩም፣ ለሙቱኩም፣ ለማያውቁት አላፊ አግዳሚም “ንዙሪ” ይላሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ሂዳያ ይህን ታሪክ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ አወራችው። ተካልኝ የሚባል ባልደረባዋ ላቪንግተን ውስጥ የተከራየው ቤት ዝናብ በመጣ ቁጥር እንደሚሸት ነገራት። ባለቤቱ ልዕልት ሽቶ ብትረጭ፣ መስኮት ብትከፍት ምንም አልሆነም። አንድ እሁድ ሕድሪንና ሂዳያን ምሳ ጠሩ።

ጠረጴዛው ተሰናድቷል፤ ልዕልት በፈገግታ ለሕድሪ ወንበር ሳበችላት። ሕድሪ ግን አልተቀመጠችም። ሳሎኑ መሀል ቆማ በአንድ እግሯ ወለሉን ቀስ አድርጋ መታችው፣ ሁለት እርምጃ ሄዳ ደግሞ መታችው። ድምጹ ተለወጠ።

“የኔ እመቤት፣ ምሳው ይቆየን” አለች መነጽሯን ከቦርሳዋ እያወጣች። “ከቤቱ ጀርባ ዝቅ ያለች መዝጊያ አለች?”

“አላየሁም፤ ኖራ ይሆን?” አለች ልዕልት።

“ነይ እስቲ አብረን እንፈልጋት።”

ልዕልት ባሏን አየችው፣ ሂዳያን አየች፤ ከዚያ ሽርጧን ፈትታ ወንበሩ ላይ ጣለችና ተከተለቻት።